የሕክምና ተማሪው እንቅልፍ የማን ጉዳይ ነው? የእንቅልፍ እጦትና የመንፈስ ዝለት በጅዳና በመካ

ጅዳ በሌሊት የምትነቃ ከተማ ናት። የቀኑ ወበቅ ሰውን ከቤት ስለሚያውለው ገበያው የሚደምቀው ከዒሻ ሶላት በኋላ ነው። ቤተሰብ ወደ ኮርኒሹ የሚወጣውና ምግብ ቤቱ የሚሞላው በሌላ አገር ብዙው ሰው ወደ መኝታው በሚያመራበት ሰዓት ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 የንግድ ቤቶች ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ይህ ልማድ ይበልጥ ጸንቷል። መካ ደግሞ በሯን የማትዘጋ ከተማ ናት፤ ሐረም ሌሊቱን ሙሉ ምእመናን አይታጡበትም፤ በረመዳንና በሐጅ ወራት ሌሊቱና ቀኑ ይቀላቀላሉ።

በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በሚራራቁት በእነዚህ ሁለት ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ሕክምና ያጠናሉ። በጅዳ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ፣ የንጉሥ ሳዑድ ቢን አብዱልአዚዝ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ፣ እንዲሁም እንደ ኢብን ሲና እና በተርጂ ያሉ የግል የሕክምና ኮሌጆች አሉ፤ በመካ ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከተማዪቱ በሌሊት ትኖራለች፣ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ግን በማለዳ ይጀምራሉ። ተማሪው በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ተወጥሮ ይኖራል፤ ከዚህ መወጠር የሚጎድለው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ እንቅልፍ።

ጉዳዩ ቀላል የወጣትነት ልማድ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። «ተማሪ ሲባል የማያመሽ ማን አለ?» የሚለው አነጋገር በጅዳም በጎንደርም የተለመደ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ አሻግሮታል። የእንቅልፍ እጦት በርንአውት ተብሎ ከሚጠራው የመንፈስ ዝለት ጋር ተቆራኝቶ የሚሄድ መሆኑ፣ ዝለቱም ተማሪውን ብቻ ሳይሆን በፊቱ የሚቀመጠውን ሕመምተኛ ጭምር የሚነካ መሆኑ እየታወቀ መጥቷል። ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ የሚተኛው ሰው ሹፌርም ይሁን የቤት ሠራተኛ፣ የሳዑዲ ዜጋም ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ ደሙን የሚቀዳለትና የሕመሙን ታሪክ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ያ ሌሊቱን ያልተኛ ወጣት ነው።

የእንቅልፍን ጥራት ለመለካት ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ የተዘጋጀውንና በከተማዪቱ ስም የሚታወቀውን መጠይቅ ነው። መልስ ሰጪው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቃ፣ ቀን ቀን እንደሚያንቀላፋ ይጠየቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ይደርሳል፤ ከ5 በላይ ያገኘ ሰው እንቅልፉ ጥሩ እንዳልሆነ ይቆጠራል። በዚህ መለኪያ በሪያድ የንጉሥ ሳዑድ ቢን አብዱልአዚዝ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 76 በመቶው እንቅልፋቸው ደካማ መሆኑን አሳይቷል። በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲና በኡሙል ቁራም ተመሳሳይ መጠይቆች ለሕክምና ተማሪዎች ተሰጥተዋል፤ የሚያሳዩት ሥዕልም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ችግሩ የሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ከሕክምና ተማሪዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት እንቅልፋቸው ደካማ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። በኢትዮጵያ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በሕክምና ብቻ ሳይሆን በልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፍ በሚገኙ 2,551 ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ 55.8 በመቶ የሚሆኑትን በዚሁ ምድብ አስቀምጧቸዋል። መጠይቁ በሽታን የሚመረምር መሣሪያ አለመሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ስድስት ነጥብ ያገኘውና አሥራ ስድስት ነጥብ ያገኘው በአንድ ቃል መጠራታቸው ቁጥሩን ሳያገዝፈው አይቀርም። ያም ቢሆን የተለያዩ አገሮች ውጤት ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከቱ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ከእነዚህ ጥናቶች ጀርባ ያለ አንድ ነገር ፈገግ ያሰኛል፤ ያሳዝናልም። በሳዑዲ ዐረቢያ ስለ ሕክምና ተማሪዎች እንቅልፍ የተጻፉትን ብዙዎቹን ጽሑፎች መጠይቅ አሠራጭተው፣ ቁጥር ቆጥረው የሚያዘጋጁት ራሳቸው የሕክምና ተማሪዎች ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተመራቂው ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ለመግባት ሲወዳደር ከትምህርት ውጤቱና ከፈቃድ ፈተናው ጋር የታተመ ምርምር ያለው መሆኑም ይታይለታል። ስለዚህ ተማሪው ስለ እንቅልፍ እጦት የሚጽፈው እንቅልፉን ሠውቶ ነው።

የመንፈስ ዝለት ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በኒው ዮርክ ነጻ ክሊኒክ ውስጥ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሰዎች በጊዜ ብዛት እንዴት እየዛሉ፣ እየደነዘዙና ከሥራው እየራቁ እንደሚሄዱ ካስተዋሉ በኋላ ሁኔታውን ተቀጣጥሎ ባለቀ ነገር መስለው ሰየሙት። ክርስቲና ማስላክ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረባቸው ጋር ያወጡት መለኪያ ደግሞ ሦስት ገጽታዎችን ለይቶ አስቀመጠ። አንደኛው ስሜት ተሟጥጦ መድከም ነው። ሁለተኛው ሰውን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ፋይል ቁጥር ማየት፣ ለሥራው ቅንነትን ማጣት ነው። ሦስተኛው የሠሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ መታየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ይህን ሁኔታ ሕመም ብሎ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎ አካቶታል።

በዚህ ፍቺ ውስጥ ተማሪው የት ይገባል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ተማሪ ደመወዝ የለውም፤ ሠራተኛ ተብሎ አልተመዘገበም። ከአራተኛው ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ቀኑን የሚያሳልፈው በሆስፒታል ነው። ከሐኪሞቹ ጋር አልጋ ላልጋ ይዞራል፣ የታካሚ ታሪክ ይጽፋል፣ ከአለቃው ፊት ቆሞ ይጠየቃል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ እንደ ማንኛውም ተማሪ ለፈተና ያጠናል። የሠራተኛውንም የተማሪውንም ሸክም ደርቦ ይሸከማል፤ የሠራተኛው የዕረፍት ሕግ ግን አይደርስለትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመና ከልዩ ልዩ አገሮች ከ17 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ባካተተ የጥናቶች ጥናት 44.2 በመቶ የሚሆኑት የመንፈስ ዝለት እንደደረሰባቸው የተመዘገበው በዚሁ ምክንያት ቢሆን የሚያስገርም አይሆንም።

ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል። ተማሪው የዛለው ስላልተኛ ነው ወይስ ያልተኛው ስለዛለ? በጅዳም ሆነ በሌላ ቦታ የተሠሩት አብዛኞቹ ጥናቶች በአንድ ጊዜ የተወሰዱ መጠይቆች ስለሆኑ ሁለቱ አብረው መኖራቸውን እንጂ የትኛው እንደሚቀድም አያሳዩም። አንድን ሰው ዓመታት ተከትሎ መመልከት ያስፈልጋል። በስዊድን 388 ሠራተኞችን ለሁለት ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዲህ አድርጎ ነበር፤ በኋላ ለሕክምና የሚያደርስ የመንፈስ ዝለት የደረሰባቸውን ከሌሎቹ የለየው ዋናው ነገር አስቀድሞ በሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች መተኛታቸው ነበር። የዛለ ሰው በበኩሉ አልጋው ላይ ወጥቶም አያርፍም። ልቡ በነገው ፈተና፣ በዛሬው ስሕተት፣ በአለቃው ቃል ይናወጣል። እንግዲህ ነገሩ ክብ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳል፣ ሌላውም መልሶ አንዱን ያጠነክራል።

የክቡ መነሻ እንቅልፍ ሊሆን የሚችልበትን ምክንያት የአንጎል ምርምር ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ ሙከራ እንዳሳየው አንድ ሌሊት ያልተኙ ወጣቶች የሚያስፈራ ወይም የሚያሳዝን ሥዕል ሲመለከቱ የፍርሃትና የቁጣ ማዕከል የሆነው የአንጎላቸው ክፍል ከተኙት ይልቅ 60 በመቶ አብልጦ ይነሣ ነበር። ያንን ክፍል የሚገታው የፊተኛው አንጎል ደግሞ ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት ላልቶ ተገኝቷል። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣው ተማሪ ትንሽ ተግሣጽ የሚያስለቅሰው፣ የሕመምተኛ ተደጋጋሚ ጥያቄ የሚያስቆጣው ከባሕርዩ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ግኝት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ለአሥራ አራት ቀናት በሌሊት ስድስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎች የንቃት ፈተና ሲሰጣቸው ውጤታቸው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጭራሽ ካልተኛ ሰው ጋር እስኪተካከል ድረስ ወርዷል። ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ብዙም እንዳልደከማቸው ይናገሩ ነበር። «እኔ ስድስት ሰዓት ይበቃኛል» የሚል ተማሪ አንድም ውሸት ሳይናገር ራሱን ሊያታልል ይችላል ማለት ነው። ድካሙን መመዘን ያለበት አንጎል አስቀድሞ ደክሟልና። ለአዋቂ ሰው የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው።

የጅዳና የመካ ተማሪ እነዚህን ሰባት ሰዓታት ከየት ያመጣል? መንገዱ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጣው ወጣት በአገር አቀፍ የችሎታና የትምህርት ፈተናዎች ተጣርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ደግሞ ሕክምና ለመግባት ከሌሎች ጋር እንደገና ይወዳደራል። ከገባ በኋላ በዐረብኛ ሲማር የኖረውን ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይማራል። ከትምህርት ዓመታቱ በኋላ አንድ ዓመት በኢንተርንነት ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ለሚሰጠው የፈቃድ ፈተና ይዘጋጃል። እንደ ቆዳ ሕክምናና ራዲዮሎጂ ያሉ ተፈላጊ ዘርፎች ቦታቸው ጥቂት፣ ፈላጊያቸው ብዙ ስለሆነ የአንድ ነጥብ ልዩነት የዕድሜ ልክን ሙያ ይወስናል። በዚህ ሁሉ መካከል እንቅልፍ ማንም ጠያቂ የሌለው ዕዳ ይመስላል፤ ከሱ ላይ መበደር ቀላል ነው።

የከተማው ኑሮ የሚጨምረውም አለ። በረመዳን የገበያውና የሥራው ሰዓት ወደ ሌሊት ይሻገራል፤ ብዙ ሰው ሱሑር በልቶና ፈጅር ሰግዶ ነው የሚተኛው። የሳዑዲው የእንቅልፍ ሐኪም ፕሮፌሰር አሕመድ ባሐማምና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። የመኝታ ሰዓት በተወሰነበትና በተጠበቀበት ምርምር ጾሙ ራሱ የእንቅልፍን ሥርዓት ያን ያህል አያናጋም፤ የሚያናጋው በወሩ የሚለወጠው የሌሊት አኗኗር ነው የሚል ነው የሥራቸው ፍሬ ነገር። ይህ ለተማሪው ትልቅ ነገር ነው፤ ሃይማኖታዊ ግዴታውና ጤናው እንደማይጣሉ ያሳየዋልና። ቀይሉላ የሚባለው የቀትር ዕረፍትም በዚህች አገር ጥንታዊ ልማድ ነው። ቀትር ላይ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ጋደም ማለት ንቃትን እንደሚመልስ ምርምርም ያረጋግጣል። ነገር ግን የሆስፒታሉ መርሐ ግብር ለቀይሉላ ቦታ አልተወለትም፤ ብዙ ተማሪዎች የሚተኙት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው ሁለትና ሦስት ሰዓት ነው፤ ያም የሌሊቱን እንቅልፍ ይበልጥ ያርቀዋል።

የጎደለውን የሚሞላው ቡናና የኃይል ሰጪ መጠጥ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኃይል ሰጪ መጠጦች ላይ መቶ በመቶ ግብር ጥሏል፤ ቡናን ግን ማንም አልነካውም፤ ሊነካውም አይችልም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የቡናን ነገር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፤ ካፌይን ከአካል ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ ብዛት ያለው ካፌይን እንኳ የሌሊቱን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ከመግሪብ በኋላ ለጥናት ተብሎ የተጠጣው ቡና የነገውን ድካም ከወዲሁ ያዘጋጃል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ቡና ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ «ተማሪው ራሱን ይግዛ» የሚል ምክር ይመጣል። ስልኩን ያጥፋ፣ በጊዜ ይተኛ ይባላል። ምክሩ ስሕተት አይደለም። ባሐማም በሪያድ ንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ በ410 የሕክምና ተማሪዎች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ቀደም ብለው የሚተኙ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ሲያነቡ ማደር ውጤት ያመጣል የሚለውን እምነት የሚያፈርስ ነው። የተማሩት ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ መሆኑም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ ብቻውን ችግሩን አንሥቶ በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ይጭነዋል። የመኝታውን ሰዓት የሚወስነው የፈተናው፣ የተረኝነቱና የውድድሩ ሥርዓት በሆነበት ቦታ ሁሉ ጥፋቱን ከተማሪው ልማድ መፈለግ ፍትሐዊ አይደለም።

ሥርዓቱ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ያሳዩ አሉ። በአሜሪካ በሰባት የሕክምና ትምህርት ቤቶች በሚገኙ 1,192 ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ተማሪዎች በደረጃ ከሚለዩባቸው ትምህርት ቤቶች ይልቅ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ በሚባልባቸው የመንፈስ ዝለት በግልጽ ያነሰ መሆኑን አመለከተ። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነጥብ አሰጣጡን ወደዚሁ ለወጠ፣ የክፍል ሰዓቱን ወደ አሥር በመቶ ቀነሰ፣ ተማሪው የሚወደውን ነገር የሚሠራበት ጊዜ ተወለት። ከዚያ በኋላ የገቡት ተማሪዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት ከበፊቶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የፈተና ውጤታቸውም አልወደቀም። እንዲህ ያለው ለውጥ ገንዘብ ሳይሆን ድፍረት ይጠይቃል። በሳዑዲ ዐረቢያ ግን የስፔሻሊቲ ውድድሩ ነጥብ ስለሚጠይቅ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ነጥብን ቢተው ተመራቂዎቹን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከአንድ ኮሌጅ ዲን ጠረጴዛ በላይ ነው።

ተማሪው ኢንተርን ሆኖ የሌሊት ተረኝነት ሲጀምር ነገሩ የሕይወትና የሞት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት በኒው ዮርክ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ አረፈች፤ ያከሟት ሠልጣኝ ሐኪሞች ረጅም ሰዓት ሲሠሩ የቆዩና ብዙ ሕመምተኞች የነበሩባቸው መሆኑ ታወቀ። የአባቷ ሙግት ዓመታት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት የሠልጣኝ ሐኪሞችን ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜም ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የ80 ሰዓቱ ወሰን በመላው አሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ። በቦስተን እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ለ24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚሠሩ ኢንተርኖች አጠር ያለ ተረኝነት ከተመደበላቸው ይልቅ ከባድ ስሕተትን 36 በመቶ አብዝተው እንደሚፈጽሙ አሳይቷል። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከረጅም ተረኝነት በኋላ መኪና የሚነዳ ኢንተርን የመጋጨት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር አስታወቀ። በማለዳ ከሆስፒታል ወጥቶ መሪ የሚጨብጥ ወጣት በጅዳና በመካ ጎዳናም የሚታይ ነው፤ በዚያው ጎዳና ታክሲና የጭነት መኪና የሚያሽከረክሩት ደግሞ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሠራተኞች ናቸው።

ሰዓት መቀነስ ብቻውን መድኃኒት ነው ማለት ግን አይቻልም። አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞችን ተረኝነት በ16 ሰዓት ወስነው ነበር፤ በኋላ በተደረጉ ሰፋፊ ሙከራዎች የሕመምተኞች የሞት መጠን ለውጥ ስላላሳየ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 24 ሰዓት ተመለሱ። ተረኛ በተቀያየረ ቁጥር ሕመምተኛው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በየርክክቡም የሚጠፋ ነገር አለ። የተረፈው ሰዓትም ለእንቅልፍ መዋሉ የተረጋገጠ አይደለም፤ ለጥናት ሊውል ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ከመቁጠር ጋር በተረኝነት መካከል የሚያርፉበት ክፍል፣ ከተረኝነት ማግስት ፈተና እንዳይኖር ማድረግ፣ ለደከመው የመጓጓዣ አገልግሎት ማዘጋጀት የመሳሰሉ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ክብደት አላቸው።

ለአማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ይህ ሁሉ የሚገለጥበት ቦታ የድንገተኛ ክፍል ነው። በተሰባበረ ዐረብኛ ሕመሙን የሚናገር ሰው ከሐኪሙ የሚፈልገው ከሁሉ በፊት ትዕግሥት ነው። ሁለት ጊዜ መጠየቅ፣ በምልክት ማስረዳት፣ ባልደረባ ተጠርቶ እስኪተረጉም መጠበቅ ጊዜ ይወስዳል። የመንፈስ ዝለት አስቀድሞ የሚበላው ይህንኑ ትዕግሥት ነው፤ ሰውን እንደ ቁጥር ማየት የተባለው ሁለተኛው ገጽታ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ቋንቋ በማይገጥምበት ቦታ ጎልቶ ይታያል። የተኛ ሐኪም «የት ነው የሚያምህ?» ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፤ ያልተኛው መድኃኒት ጽፎ ያሰናብታል። ንግግሩ ሻካራ የሆነበት ሕመምተኛ ነገሩን ንቀት አድርጎ ይወስደዋል፤ አንዳንዴ ንቀት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሠላሳ ሰዓት ያልተዘጋ ዓይን ነው።

የሚያሳዝነው የዛለው ተማሪ ራሱ እርዳታ አለመፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ዓለም አቀፍ ቅንብር ከሕክምና ተማሪዎች መካከል 27.2 በመቶው የድብርት ምልክት እንዳለባቸው ሲታወቅ ከእነዚህ ወደ ሕክምና የሄዱት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሐኪም ሊሆን የተዘጋጀ ሰው ሕመምተኛ ሆኖ መታየትን ያፍራል፤ መምህሮቹና የወደፊት ቀጣሪዎቹ በዚያው ሆስፒታል ውስጥ ናቸውና ወሬው እንዳይወጣ ይፈራል። ለእንቅልፍ እጦት ግን ከመድኃኒት በፊት የሚመከር የታወቀ ሕክምና አለ፤ የመኝታ ልማድንና ስለ እንቅልፍ ያለን ሐሳብ ደረጃ በደረጃ የሚያርም በጥቂት ሳምንታት የሚጠናቀቅ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። በጅዳ የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የእንቅልፍ ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው። ተማሪው በየቀኑ በሚያልፍበት ግቢ ያለውን አገልግሎት ስሙ ሳይጠራበት የሚያገኝበት መንገድ ቢመቻችለት ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

በጅዳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ልጃቸውን በግል ኮሌጅ ሕክምና የሚያስተምሩ አሉ፤ ወደ አገር ቤት ልከው የሚያስተምሩም አሉ። ክፍያው የሚወጣው ከዓመታት ድካም ነው፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ገና በሁለተኛው ዓመት «ዶክተር» ተብሎ የሚጠራ ልጅ ውጤቱ ሲወርድ ለማን ይናገራል? ያልተኛውን ልጅ «ጎበዝ፣ ሌሊቱን ሲያነብ አደረ» ብሎ ለጎረቤት ማሞገስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ልጁ ግን ሙገሳውን እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል።

የሂጅራው ዘመን አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ሐጅ ከበጋው ዕረፍት ወጥቶ ወደ ትምህርቱ ዘመን መጨረሻ ተጠግቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2026 በሜይ መጨረሻ ነው የሚውለው። ረመዳንም በሁለተኛው የትምህርት መንፈቅ ውስጥ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2030 በጃንዋሪ ይጀምርና በዲሴምበር ተመልሶ ይመጣል። በመካ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠለጥነው የኡሙል ቁራ ተማሪ የዓመቱን ከባድ ፈተና፣ የከተማዪቱን ከባድ ወቅትና የሌሊቱን ተረኝነት በአንድ ወር ውስጥ የሚያገኝባቸው ዓመታት ከፊቱ ናቸው፤ የፈተናው ቀን የሚወጣበት ሰሌዳ ግን ዛሬም ገና በመዘጋጀት ላይ ያለ፣ በብዕር ሊታረም የሚችል ወረቀት ነው።